ድረ ገጽ ፖስተር አይደለም

ፎቶሾፕ የድረ ገጽ መንደፊያ አይደለም። ይህን የምለው ጠልቼው እንዳይመስላችሁ፤ የእንጀራዬ መጀመሪያ እሱ ነው። ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ የሠርግ ካርድ፣ ባነርና የምርቃት መጽሔት ሽፋን ስሠራ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ግራጫ መስኮት ሳፈጥጥበት እውል ነበር። ፎቶ ለማረም ዛሬም ቢሆን የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን እስቲ በየጋዜጣውና በየቴሌግራሙ የሚወጣውን የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ፤ «ዌብ ዲዛይነር፣ ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር በሚገባ የሚችል» ይላል። ስለ አማርኛ ፎንት፣ ስለ ስልክ ስክሪን፣ ስለ ገጹ ክብደት አንድም ቃል የለበትም። ማስታወቂያውን ያየ ወጣት ሄዶ ፎቶሾፕ ይማራል፤ ከዚያ እኔ ዘንድ ለልምምድ ሲመጣ በጣም የሚያምር ሥዕል ይዞ ይመጣል። ሥዕሉን ገጽ ማድረግ የሌላ ሰው ራስ ምታት ነው።

የማውቃቸው የአዲስ አበባ የድረ ገጽ ዲዛይነሮች አብዛኞቹ እንደ እኔ ከኅትመት የመጡ ናቸው። ኅትመት ልኩን አስቀድሞ ይነግራችኋል። ኤ4 ከሆነ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መቁረጫው አንዴ ካረፈበት በኋላ ማንም አያሰፋውም፣ ማንም አያጠበውም። ፊደሉን ያስቀመጣችሁበት ቦታ አንባቢው እጅ ሲገባም እዚያው ነው። ድረ ገጽ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ያው ገጽ 360 ፒክሰል ስፋት ባለው ስልክ ይከፈታል፣ 1920 በሆነው የቢሮ ስክሪንም ይከፈታል። ፊደሉን አሳድጎ የሚያነብ አለ፤ ስልኩን አጋድሞ የሚይዝ አለ። ኤታን ማርኮት የተባለው አሜሪካዊ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2010 «ኤ ሊስት አፓርት» ላይ ባወጣው ጽሑፍ ገጹ ራሱ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚዘረጋና የሚሰበሰብ መሆን እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚሠራም ጭምር አሳየ። ሙያው ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። እኛ ጋ ግን አሁንም 1440 ፒክሰል ስፋት ያለው ሥዕል ይሠራል፤ ፒዲኤፍ ይሆናል፤ በኢሜይል ይላካል፤ ኃላፊው ይፈርምበትና «ጸድቋል» ይባላል። በየትኛው ስልክ ላይ እንደጸደቀ የሚጠይቅ የለም።

ድሮ ድሮ ይህ አሠራር ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዲዛይነሮች ሙሉውን ገጽ በፎቶሾፕ ሥለው፣ በስላይስ ቆራርጠው፣ ቁርጥራጩን በሠንጠረዥ ውስጥ ይገጣጥሙት ነበር፤ ስክሪኑም ሁሉ ተቀራራቢ ነበርና ያስኬድ ነበር። ማክሮሚዲያ በ1998 ያወጣው ፋየርወርክስ ከመነሻው ለድረ ገጽ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ቀላል ነበር፤ ቬክተሩንና ፎቶውን በአንድ ፋይል ያስኬድ ነበር፤ የምስሉን ኪሎባይት እያሳየ ያስቆጥብ ነበር። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤ ማክሮሚዲያን በ2005 ጠቀለለው፤ በ2013 ደግሞ ለፋየርወርክስ ከእንግዲህ አዲስ ነገር እንደማይጨምርለት አስታወቀ። ሙያችን ውስጥ የምናፍቀው ፕሮግራም ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

በዚያው በ2013 አዶቤ ሌላም ውሳኔ ወሰነ። ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ገዝታችሁ የራሳችሁ የምታደርጉት የመጨረሻው እትም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን በየወሩ እየከፈላችሁ ካልሆነ አታገኙትም። ክፍያው በዶላር ነው። እዚህ ተቀምጦ በየወሩ በዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ዘለለ፤ ዋጋው በዶላር ባለበት የቆመ ሶፍትዌር በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም በጋዜጣ የማይጽፈው መንገድ አለ። ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሄዳችሁ ዊንዶውስ ስታስጭኑ ፎቶሾፑ ክራክ ሆኖ አብሮ ይመጣል። «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በክራክ የሚሠሩትን ወጣቶች መውቀስ አይሆንልኝም፤ የሚቀጥራቸው ድርጅት በማስታወቂያው ፎቶሾፕ እየጠየቀ የፎቶሾፕን ዋጋ ግን አይከፍልላቸውም። ወቀሳዬ ቀጣሪው ላይ ነው። ክራኩ የት እንደተሠራ አይታወቅም፤ ከመጫኑ በፊት «አንቲ ቫይረሱን አጥፉት» ይላችኋል፤ ያንን ያደረገ ላፕቶፕ ነው እንግዲህ የደንበኞችን ይለፍ ቃል ይዞ የሚዞረው።

ያለ ክራክ መሥራት ይቻላል፤ ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። ጂምፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ያወጡት ነጻ የፎቶ ማረሚያ ነው። እውነቱን ለመናገር አልወደውም፤ መሣሪያዎቹ የተደበቁበት ቦታ ያናድደኛል። ሆኖም 3.0 የተባለው እትም በ2025 ከወጣ በኋላ በፎቶው ላይ የጨመራችሁትን ማጣሪያ ተመልሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ለሎጎና ለአይከን ኢንክስኬፕ አለ። ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ፋይሉን የሚያስቀምጠው በኤስቪጂ ነው፤ ኤስቪጂ ደግሞ ብራውዘር እንዳለ የሚያነበው ፋይል ነው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ይሠራል። ይህን የምጠቅሰው ያለ ነገር አይደለም፤ ወደ ፊግማ ስንመጣ ጉዳዩ ይኼው ነው።

ፊግማ የተባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ብዙ ሰው በአሁኑ ጊዜ ይጠቀምበታል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ማክ ለሌለው፣ ውድ ኮምፒውተር ለሌለው ልጅ በር ከፍቷል፤ ከእሱ በፊት ገናና የነበረው ስኬች ማክ ለሌለው ሰው አይሆንም ነበር። ገጹ ሲሰፋና ሲጠብ ምን እንደሚመስል እዚያው መሞከር ይቻላል፣ ሁለት ሰው በአንድ ፋይል ላይ ይሠራል፣ መጀመሪያው በነጻ ነው። ዲዛይነሩና ኮድ ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች በሆኑበት፣ እንደ ባንክ ባለ ትልቅ ሥራ ላይ፣ ፊግማ የግድ ነው ብል አላጋነንኩም። ግን ፋይሉ ያለው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ ዋይፋዩ ሲጠፋ እንደ ኢንክስኬፕ አያሠራም። አዶቤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው መስማማቱን ሲያስታውቅ ቢሮዬ ውስጥ የተፈጠረውን ድንጋጤ አልረሳውም፤ ፋየርወርክስን የምናስታውስ ሰዎች የሚመጣውን አውቀነዋል። የአውሮፓና የእንግሊዝ የውድድር ተቆጣጣሪዎች ባይጠይቁበት ኖሮ ያልፍ ነበር። በታኅሣሥ 2023 ስምምነቱ ፈረሰ፤ አዶቤም ለፊግማ አንድ ቢሊዮን ዶላር ማፍረሻ ከፈለ። አዶቤ የራሱን ተፎካካሪ ፕሮግራም፣ ኤክስዲን፣ ደግሞ በዚያው በ2023 ለብቻው መሸጥ አቁሟል፤ አዲስ ነገርም አይጨምርለትም። ኤክስዲን ተምረው ሥራ የያዙ ልጆችን አውቃለሁ።

ስለዚህ አንድ ልጅ «የትኛውን ልማር?» ሲለኝ የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ፣ ወይም ዋጋውን ሦስት እጥፍ ቢያደርገው ፋይልህን በምን ትከፍተዋለህ? ማድሪድ ያለ ካሌይዶስ የሚባል ድርጅት የሠራው ፔንፖት የተባለ የዲዛይን ፕሮግራም በዚህ ፈተና ያልፋል። ኮዱ ክፍት ነው፤ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ትጭኑታላችሁ፤ በውስጡ የምታስተካክሉት አቀማመጥ ብራውዘሩ በሚያውቀው በሲኤስኤስ ሕግ የሚሄድ ነው። ከፊግማ ጋር ሲነጻጸር ይከብዳል፣ ትልቅ ፋይል ላይ ያዘግማል። ግን ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ገጽ ይበቃል፤ አብዛኛው ሥራችን ደግሞ ይኼው ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ከሚከተለው ጋር ሲተያይ ጥቃቅን ነው። ገጹን የሚያበላሸው የሶፍትዌር ምርጫ አይደለም፤ ጽሑፉ ሳይመጣ ሥዕሉ መሠራቱ ነው። ዲዛይነሩ የተገዛ ወይም የወረደ ቴምፕሌት ይከፍታል፤ በላቲን ፊደል «ሎረም ኢፕሰም» የሚል ትርጉም የለሽ ሙሌት ተደርድሮበታል፤ ቀለሙን ይቀይራል፣ ሎጎውን ይለጥፋል፣ ያምራል። አማርኛው ሲገባ ሁሉም ይፈራርሳል። ለምን እንደሚፈራርስ ቀርበን እንየው።

ለላቲን የተሠራ ቴምፕሌት ርእሱ ላይ ፊደሎቹ እንዲቀራረቡ ያደርጋል፤ የግዕዝ ፊደል በዚያ ልክ ሲቀራረብ እግርና እግር ይነካካል። በመስመርና በመስመር መካከል የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው፤ እኔ ለአማርኛ የፊደሉን ቁመት 1.6 ወይም 1.7 ጊዜ ካልሰጠሁ ጽሑፉ ይታፈናል። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚል ቃል በጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ብራውዘሩ የት ቦታ እንደሚሰብረው አያውቅም፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ርእሱን በትልልቅ ፊደል አድርግ የሚለው ትእዛዝ እኛ ዘንድ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለ ምንም አያደርግም፤ ዲዛይኑ ርእስንና ዝርዝርን የለየው በዚያ ብቻ ከሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። አዝራሩ ላይ «ግባ» ይበቃ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ሰው አክብሩልኝ ይላል፣ ልክም ነው፤ «አዲስ መለያ ይክፈቱ» ሲሆን አዝራሩ ሁለት መስመር ይሆናል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ማየት የሚቻለው እውነተኛው አማርኛ ከተገኘ ብቻ ነው።

ፎንቱ ደግሞ አለ። ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ ለዓመታት ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ስለነበር ብዙ ገጽ በእሱ ይሠራል፤ መልኩ ያምራል፣ የብዕር ወዝ አለው። ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ርእሱን ደማቅ ስታደርጉት ብራውዘሩ ራሱ አወፍራለሁ ብሎ ያንኑ ፊደል ጎን ለጎን ይደርበዋል፤ የ«ቋ»ና የ«ጿ» ቀዳዳ ይደፈናል። ከጉግል በነጻ የሚወርደው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ደማቅ ዘጠኝ ውፍረት አለው፤ እኔ የማዘወትረው እሱን ነው። ፊግማ ሲከፈት የሚመርጥላችሁ ኢንተር የተባለው ፎንት የግዕዝ ፊደል ጨርሶ የለውም፤ አማርኛ ስትጽፉበት የሚታያችሁ ምትክ ነው፤ አንባቢው ስልክ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሌላ ምትክ ሊሆን ይችላል። የፊደሉ መጠን ላይም አልደራደርም። «ግቡ»ና «ግቢ» የሚለያዩት ከፊደሉ እግር የምትወጣው ጭረት ከፍ ወይም ዝቅ በማለቷ ነው። 12 ፒክሰል ላይ ይህ ልዩነት አንድ ሁለት ነጥብ ነው። ከ17 በታች አልወርድም፤ ለአዛውንት የሚሆን ገጽ ከሆነ 19።

ደንበኛው የሚያመጣው ጽሑፍ ራሱም ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድን ያልተከተሉት እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ የቆዩ የመጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲኑን ቦታ ይዘው ነበር የሚጽፉት። እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በዚያ የተጻፈ ሰነድ አለ። ፍላሽ ተሰጥቷችሁ ስትከፍቱት የድርጅቱ ታሪክ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ሆኖም ከቀየረ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይገባል። ይህ ሥራ ዲዛይኑ ከጸደቀ በኋላ የሚጀመር ከሆነ ገጹ በቀጠሮው ቀን አይወጣም፤ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ አባት አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀድመው ሌላ ዲዛይነር አሠርተው ኖሮ፣ ገጹን በትልቅ ወረቀት በቀለም አሳትመው፣ ላሚኔት አስደርገው ይዘውልኝ መጡ።

«ሥራው አልቋል ልጄ፤ አንቺ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ብቻ ነው የቀረሽ» አሉኝ።

ወረቀቱ ጠረጴዛዬን ሞላው። የሞተር ፎቶ፣ ጥቁር መደብ፣ በቀጭን ግራጫ ፊደል የተጻፈ መግቢያ። ያንኑ ሥዕል ስልካቸው ላይ ላኩላቸውና በረንዳ ላይ ወጥተን እንየው አልኳቸው። ቀትር ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ክንዳቸው እስከሚደርስ አራቁት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጉንዳን ነው የሚሄደው?»

«መግቢያው ነው ጋሼ። የድርጅቱ ራእይ ይላል።»

«ራእዩን ተይው። ስልክ ቁጥሬ የታለ?»

ስልክ ቁጥሩ ከታች፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ነበር። የሳቸው ደንበኛ ጎማ ቀይሮ ወይም ፍሬን ፈትቶ ጋራዥ ውስጥ የቆመ ሰው ነው፤ እጁ ግሪስ ነው፤ የሚፈልገው ዕቃው መኖሩን ማወቅና መደወል ነው። ቁጭ ብለን በእስክሪብቶ፣ በፕሮፎርማ ጀርባ ላይ የሚያስፈልገውን ጻፍን፤ ከላይ ቁጥሩ፣ ሲነካ በቀጥታ የሚደውል፤ ቀጥሎ የመኪናው ዓይነት፤ ቀጥሎ የዕቃው ስም ሰዎቹ ጋራዥ ውስጥ በሚጠሩት አጠራር። ራእዩን ጋሼ ራሳቸው ሰረዙት። ከዚያ ወረቀት ተነስቼ በቀጥታ ኮድ ጻፍኩ፤ ፊግማም ፎቶሾፕም አልከፈትኩም። ገጹን እያየን ያስተካከልነው በብራውዘሩ ነው፤ ክሮም ላይ ኤፍ12 ስትጫኑ ስክሪኑን ወደ ስልክ ስፋት የሚያጠብ መሣሪያ አለ። የእጅ ስልክን አይተካም፤ ግን ከላሚኔት ይሻላል።

ፎቶ ማረሚያው የገባው በስተመጨረሻ ነው። ልጃቸው በስልክ ያነሳቸው የዕቃ ፎቶዎች 4000 ፒክሰል ስፋት ነበራቸው፣ እያንዳንዳቸው ብዙ ሜጋባይት። ስልክ ላይ 360 ፒክሰል ቦታ ለሚይዝ ምስል ያን ያህል መላክ የአንባቢውን ፓኬጅ መብላት ነው። መደቡን በጂምፕ አጸዳሁ፣ ወደ 900 ፒክሰል አሳነስኩ፣ ስኩሽ በሚባለው የጉግል ሰዎች በሠሩት ነጻ መሣሪያ ወደ ዌብፒ ቀየርኩ። ዌብፒ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ፎርማት ነው፤ አፕል በ2020 ሳፋሪ ላይ ከተቀበለው ወዲህ የማይከፍተው ስልክ ማግኘት ብርቅ ነው። በሜጋባይት የነበረው ፎቶ በአሥር ቤት በሚቆጠር ኪሎባይት ሆነ፤ ጋሼም ልዩነቱን ፈልገው አላገኙትም።

«እኔ ዲዛይነር ነኝ፣ ኮድ አልችልም» የሚለኝ ብዙ ነው። ፕሮግራመር ሁን አላልኩም። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ለዚህ የሚበቃ ያህል፣ ፎቶሾፕን በሌየርና በማስክ የተማረ ሰው የሚያቅተው ነገር አይደለም፤ ፎቶሾፕ እንዲያውም ይከብዳል። የሚፈራው እንግሊዝኛውን ይመስለኛል። በሌላ በኩል ኮድ ጸሐፊዎቹ «ዲዛይን ምን ያደርጋል፣ ቴምፕሌት አለ» ሲሉ ደግሞ ያናድዱኛል፤ ያ ቴምፕሌት ለማን ቋንቋ እንደተሠራ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ቀጣሪዎችና አሠሪዎች ይህን ካነበባችሁ ከእናንተ የምፈልገው የወረቀት ለውጥ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ የሶፍትዌር ስም ተዉና «በስልክ የሚከፈት፣ በአማርኛ የተሠራ ገጽ አሳዩን» በሉ። እኔ በውሌ ላይ ክፍያውን በሦስት ከፍዬዋለሁ። ቅድመ ክፍያው ሲደርሰኝ ደንበኛው ጽሑፉን ያስረክባል፤ ጽሑፍ ከሌለ ዲዛይን አልጀምርም። ሁለተኛው የሚከፈለው ገጹ በደንበኛው በራሱ ስልክ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ በዳታ ሲከፈት ነው። የመጨረሻው ሎጎው በኤስቪጂ፣ የፎቶዎቹ ዋና ቅጂ፣ ፎንቱ፣ ኮዱና በድርጅቱ ስም የተመዘገበው ዶሜይን ሲረከቡ ነው፤ ከእኔ ጋር ቢጣሉ ሌላ ሰው ያለምንም ልመና ይቀጥልበታል። ነጋዴዎቹ ይህ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ርክክብ ያውቃሉ። የሚቸግረኝ የመሥሪያ ቤቶች የግዥ ክፍል ነው። የጨረታ ሰነዱ «ሦስት አማራጭ ዲዛይን በባለ ቀለም ወረቀት ታትሞ ይቅረብ» የሚል ከሆነ ደውዬ አስረዳለሁ፤ አንዳንዱ ይሰማል፣ በሊንክ አምጪው ይላል። «ሕጉ ነው» ካሉኝ አልወዳደርም።